በሱሉልታ ውርጭና በካባ አቧራ መካከል፦ የኢንሱሊን ፓምፕ ከአሥራ አራት ወር አገልግሎት በኋላ

ለስኳር ሕመሜ ቱቦ ያለውን የኢንሱሊን ፓምፕ ወገቤ ላይ ካሰርሁ አሥራ አራት ወር ሆኖኛል። ቤቴ ሱሉልታ ነው፤ ሥራዬ ደግሞ ከአቃቂ ወዲያ በሚገኝ የድንጋይ ካባ ላይ ነው። ስለዚህ ይህ መሣሪያ በየቀኑ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ብርዳም ሜዳ ተነሥቶ፣ የእንጦጦን ትከሻ ተሻግሮ፣ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ቀኑን ሙሉ የክሬሸር አቧራ ሲጠጣ ይውልና ማታ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። እህቴ ከአሜሪካ ስትልክልኝ አብሮት የመጣው መመሪያ ስለ መዋኛ ገንዳና ስለ አውሮፕላን ጉዞ በሰፊው ያትታል፤ ስለ ካባ ግን አንዲት ቃል የለውም።

የፓምፑን ስም አልጠቅስም፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው ችግሮች አብዛኞቹ የአንድ ኩባንያ ሳይሆኑ ቱቦ ያለው ፓምፕ ሁሉ የሚጋራቸው ናቸውና። ፍርዴን ግን ከወዲሁ ልናገር። ማሽኑ ራሱ ከገመትሁት በላይ ጠንካራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ከድንጋይ ክምር ላይ ሁለት ጊዜ ወድቆ ሥራውን አላቋረጠም። ያስቸገረኝ በማሽኑና በቆዳዬ መካከል ያለው ነገር ነው፦ ቱቦው፣ ማጣበቂያው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአየር አረፋው። ፓምፕ ከውጭ ለማስመጣት የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ማወቅ ያለበት ይህንን ይመስለኛል።

መርፌ ብቻ ለለመደ አንባቢ አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። ብዙዎቻችን ጠዋትና ማታ ሌንቴ እያልን የምንጠራውን ቀስ ብሎ የሚሠራ ኢንሱሊን ፈጠን ብሎ ከሚሠራው ሬጉላር ጋር እየቀላቀልን የኖርን ነን። ፓምፕ ውስጥ ግን የሚገባው ፈጣኑ ኢንሱሊን ብቻ ነው። ማሽኑ በቱቦው በኩል፣ ቆዳ ሥር ተተክላ በማጣበቂያ በተያዘች ትንሽ መርፌ አድርጎ ቀንና ሌሊት በጥቂት በጥቂቱ ያንጠባጥበዋል፤ ምግብ ሲበላ ደግሞ ባለቤቱ ቁልፍ ተጭኖ ተጨማሪ ያዝዛል። የእኔ የሰዓት ፍሰት 0.8 ዩኒት ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት ስላለ፣ ይህ ማለት በሰዓት 0.008 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ተራ የውኃ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚሆን፣ በአንዲት ጠብታ ውስጥ የእኔ የስድስት ሰዓት ኢንሱሊን አለ ማለት ነው። የመሣሪያው ብልህነትም ሆነ ድካሙ የሚመነጨው ከዚህ የመጠን ማነስ ነው። ለመርፌ ምንም የማይመስል ነገር ለፓምፕ ትልቅ ጉዳይ ይሆናል።

አሁን ወደ ከፍታው ልግባ። በገበያ ላይ ያሉ ታዋቂ ፓምፖች አምራቾች የአሠራር ወሰናቸውን በግልጽ ያስቀምጣሉ። ቲ-ስሊም ኤክስ2 የተባለው እስከ 3,048 ሜትር ከፍታና ከ5 እስከ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንዲሠራ የተፈቀደ ነው፤ ቱቦ የሌለው ኦምኒፖድ ዳሽ ደግሞ የአየር ግፊቱ ከ700 ሄክቶ ፓስካል በታች እንዳይወርድ ይጠይቃል፤ ይህም ከሞላ ጎደል ያው 3,000 ሜትር ነው። ለአብዛኛው ዓለም ይህ የተራራ ወጪዎች ጉዳይ ነው። ለእኛ ግን የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ስለሚደርስና የአየር ግፊቱም በዚያ ከፍታ 683 ሄክቶ ፓስካል አካባቢ ስለሚሆን፣ እሑድ ጠዋት ለጸሎት ወይም ለእግር ጉዞ የወጣ ሰው የፓምፑን የተፈቀደ ወሰን አልፎ ሄዷል ማለት ነው። ሱሉልታ ራሷ ከወሰኑ ውስጥ ነች፤ የቀራት ግን ብዙ አይደለም።

ወሰኑ ሲታለፍ ማሽኑ በድንገት ቀጥ አይልም። ነገሩ ስውር ነው። በኢንሱሊን ማጠራቀሚያው ውስጥ የቀረ አየር ካለ፣ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ያብጣል፤ ሲያብጥም ኢንሱሊኑን እየገፋ ማንም ሳያዝዘው ወደ ሰውነት ይሰድዳል። ወደ ታች ሲወረድ በአንጻሩ ይሟሽሽና ሊሰጥ የሚገባውን ያጎድላል። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ አውሮፕላን ሲነሣ በሚፈጠረው የግፊት መቀነስ ፓምፖች ከአንድ ዩኒት በላይ ትርፍ ኢንሱሊን እንደሚለቁ አሳይተዋል። የመኪና መንገዳችን የአውሮፕላንን ያህል አይደለም፤ ቢሆንም ሒሳቡን በራሴ መንገድ ሠርቼዋለሁ። ከአቃቂ ተነሥቶ እንጦጦ ጫፍ የሚደርስ አየር በ15 በመቶ ያህል ያብጣል። በማጠራቀሚያው ውስጥ 0.1 ሚሊ ሊትር አረፋ የተወ ሰው ተራራው ላይ ሲደርስ አንድ ተኩል ዩኒት ሳያዝዝ ተወግቷል ማለት ነው። ለትልቅ ሰው ይህ ምናልባት ብዙ ላይሆን ይችላል። በቀን በጠቅላላው አሥር ዩኒት ለሚበቃው ሕፃን ግን ቀላል አይደለም።

በሦስተኛው ወር ላይ ከሥራ በቀጥታ ወደ እንጦጦ ወጥቼ ስኳሬ 62 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ድረስ ወርዶብኛል። እጄ ሲንቀጠቀጥ ነው የታወቀኝ። ጥፋቱን በሙሉ በፓምፑ ላይ መጫን ግን አልችልም፤ ዳገቱንም በእግሬ ነበር የወጣሁት፣ ምሳዬንም በደንብ አልበላሁም ነበር። በዚያ ምሽት ማጠራቀሚያውን አውጥቼ በአምፖል ብርሃን ሳየው ግን ጫፉ ላይ የምስር ፍሬ የሚያህል አረፋ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዳገት ያለበት ቀን ሲሆን ከመነሣቴ በፊት አረፋውን አይቼ አስወጣለሁ፤ የሰዓቱን ፍሰትም ሐኪሜ በነገረኝ መጠን ለጊዜው እቀንሳለሁ። ይህ ፍሰትን ለጥቂት ሰዓት የመቀነስ ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ ፓምፕን ከመርፌ የሚያስበልጠው ዋናው ጥቅም ነው። ጠዋት የተወጋ ሌንቴ ተመለስ ቢሉት አይመለስም። የጉልበት ሥራ ያለበት ሰው፣ ወይም ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው፣ ይህንን ልዩነት ባንድ ሳምንት ውስጥ ያውቀዋል።

አረፋው ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ መልሱ በአብዛኛው ከራሳችን እጅ ነው። ቀዝቃዛ ፈሳሽ በውስጡ ብዙ አየር አሟምቶ ይይዛል፤ ሲሞቅ ይለቀዋል። እኔ በመጀመሪያዎቹ ወራት ኢንሱሊኑን ከፍሪጅ እንዳወጣሁ፣ በዚያ በሱሉልታ ጠዋት፣ በደነዘዘ እጅ እሞላ ነበር። ማጠራቀሚያው ወገቤ ላይ ሲሞቅ አረፋው እንደ አምቦ ውኃ ይወጣል፤ ረፋድ ላይ ቱቦውን ወደ ፀሐይ ሳነሣው ነጭ ክፍተት ይታየኛል። በግምት አምስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ባዶ ቱቦ አንድ ዩኒት ያህል ስለሚያጎድል፣ ለእኔ ከአንድ ሰዓት በላይ ያለ ኢንሱሊን መቆየት ነው። አሁን ብልቃጡን ማታ አውጥቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ከአልጋዬ አጠገብ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት ቀስ ብዬ እስባለሁ፣ በጣቴ ጫፍ እየመታሁ አረፋውን ወደ ላይ አሰባስባለሁ፣ አስወጥቼም እንደገና አያለሁ። ሦስት ሚሊ ሊትር ከሚይዘው ማጠራቀሚያ ውስጥም ግማሹን ብቻ ነው የምሞላው። ይህ ሁሉ አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ፓምፕ ባይገዛ ይሻለዋል።

ብርዱ የራሱ ጣጣ አለው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ሱሉልታ ሜዳው ላይ ውርጭ ይጥላል፤ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ኢንሱሊን አንድ ጊዜ ከበረደ፣ ማለትም በረዶ ከሠራ፣ ቢቀልጥም ተመልሶ መድኃኒት አይሆንም፤ መጣል አለበት። ፓምፑ ከሰውነት ጋር ተጣብቆ እስካደረ ድረስ አይበርድም። አደጋ ላይ የሚወድቀው ከልብስ ውጭ የሚንጠለጠለው ቱቦና በቀዝቃዛ ክፍል መስኮት ሥር የሚቀመጠው ብልቃጥ ነው። በተጨማሪም ሰው ሁሉ ስለ ሙቀት ይፈራል እንጂ በእኛ አካባቢ ብዙ ኢንሱሊን የሚበላሸው ፍሪጅ ውስጥ ከበረዶ መሥሪያው ጋር ተጠግቶ በመቀመጡ ይመስለኛል። መብራት ሲጠፋ መደናገጥ አያስፈልግም። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ኬንያ ውስጥ በዳጋሃሌይ የስደተኞች ካምፕ በተመዘገበው ሙቀት ላይ ተመሥርተው እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ጥናት፣ በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል ከፍ ዝቅ በሚል ሙቀት ለአራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንዳላጣ አሳይቷል። እንኳን ለሱሉልታ፣ ለአዋሽም የሚያጽናና ነው።

ፓምፑ አብሮት የመጣው ማንጠልጠያ ቀበቶ ላይ የሚሰካ የፕላስቲክ መቆንጠጫ ነበር። በቢሮ ለሚውል ሰው ይበቃል። ካባ ላይ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ተሰበረ። ስለዚህ ገበያው ጥግ በእግር ሲንጀር ልብስ ወደሚሰፉ አንድ አባት ወስጄ ከረጢት እንዲሠሩልኝ ጠየቅኋቸው። መሣሪያውን አገላብጠው አይተው «ስልክሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። «አይደለም አባባ፣ መድኃኒት ነው፤ ስኳር አለብኝ» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እግዜር ይማርሽ» አሉና በልብስ ሳሙና ጨርቁ ላይ መስመር እያወጡ «እንግዲህ ሽቦው በየት ይውጣ?» ብለው ጠየቁኝ። ቱቦውን ሽቦ ማለታቸው ነው። እኔ ከላይ እንዲወጣ ፈልጌ ነበር፤ እሳቸው ግን ዝናብ ከላይ እንጂ ከታች እንደማይመጣ አስታውሰው ቀዳዳውን በታችኛው ጥግ አደረጉት። ውስጡን ባረጀ ጋቢ ቁራጭ ደርበው፣ ውጩን ከሸራ ሠርተው፣ ሸሚዜ ሥር በሚታሰር ሰፊ መቀነት ላይ አጋጠሙት። 350 ብር ከፈልሁ። ለዚህ ማሽን ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ በቅጡ የዋለው ይህ ነው። ፓምፑ ሰውነቴ ላይ ስለሚሞቅ ብርድ አይነካውም፤ ጋቢውም የበጋ ቀትር ሙቀት ባንዴ እንዳይደርስበት ይከላከልለታል።

ስለ ሙቀት ከተነሣ፣ ካባ ላይ ያለችው ቢሯችን የብረት ኮንቴይነር ናት፤ በመጋቢት ቀትር እንደ ምጣድ ትግላለች። በፓምፕ ውስጥ ያለ ፈጣን ኢንሱሊን ከ37 ዲግሪ በላይ እንዳይጋለጥ ነው የሚታዘዘው። በዚያ ወቅት ማጠራቀሚያውን በየሦስተኛው ቀን መቀየሩን ትቼ በየሁለተኛው ቀን እቀይራለሁ፤ ቆሞ በሚውል መኪና ውስጥም ምንም አልተውም።

አቧራው ማሽኑን ይገድለዋል ብዬ ነበር የፈራሁት። ከስጋቴ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት፤ ውኃ የማያስገባ ተብሎ የተሠራ ሣጥን አቧራም አያስገባም። ችግሩ ያለው ከውጭ ባሉት ጥቃቅን ቦታዎች ነው። አንደኛው የባትሪው ክዳን ጥርስ ነው፤ ደቃቅ የድንጋይ ዱቄት ገብቶበት ክዳኑ እየተፋጨ ይዘጋል። ሁለተኛው የአየር መተንፈሻው ነው። ከውጭው አየር ጋር ግፊቱ እንዲመጣጠን ተብሎ የተተወ ቀዳዳ ስለሆነ፣ መደፈኑ ፓምፑ ያልታዘዘውን እንዲሰጥ ሊያደርገው ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ዓይነት ቱቦ ኢንሱሊን በሚሞላበት ጊዜ መተንፈሻው በፈሳሽ እየተደፈነ ትርፍ ኢንሱሊን ሊሰጥ ስለሚችል ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደርጎ ነበር። እኔ በየማታው በደረቅና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጸዳዋለሁ። በጎማ መንፊያ አየር መንፋት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በቅንነት ኮምፕሬሰሩን ይዞ ሲመጣ ሮጬ ነው ያመለጥሁት።

ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ማጣበቂያ ግን በአቧራና በላብ ፊት አይቆምም። ሦስት ቀን እንዲቆይ የታሰበው በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጠርዙ ይነሣል፤ በተነሣው ጠርዝ አቧራ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይመልሰውም። ለዚህ ግማሹ ጥፋት የራሴ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ገላዬን ታጥቤ ቫዝሊን የምቀባ ነኝ፤ ቅባት ያለበት ቆዳ ላይ ደግሞ ምንም ነገር አይለጠፍም። አሁን መርፌው የሚተከልበትን ቦታ ቀደም ብዬ ቅባት በሌለው ሳሙና አጥቤ፣ በአልኮል ጠርጌ፣ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። በላዩም ሰፋ ያለ የጨርቅ ፕላስተር ደርቤ አስርበታለሁ። በዚህ ዘዴ ሙሉ ሦስት ቀን ይቆይልኛል። ቦታውን ሆዴ ላይ ከማድረግ ይልቅ ወደ ጎን፣ ከዳሌ በላይ ማድረጌም ጠቅሞኛል፤ ጎንበስ ቀና ስል ቱቦው አይታጠፍም።

ባትሪውን በተመለከተ ይህ ፓምፕ አንድ መደበኛ ድንጋይ ብቻ ይበላል፤ በየሱቁ የሚገኘው ዓይነት መሆኑ ትልቅ ጸጋ ነው። በሽቦ ቻርጅ የሚደረጉት ፓምፖች መብራት ለሁለት ቀን ሲጠፋ የሚያስከትሉት ጭንቀት እኔ ዘንድ የለም። ሆኖም ከመንገድ ዳር የሚገዛው ርካሽ ድንጋይ በብርድ ሌሊት ቶሎ ይደክማል፤ አንዱ አራት ቀን እንኳ አልቆየልኝም። ጥሩው ግን ሦስት ሳምንት ያህል ይሠራል። ሁልጊዜ ሁለት ትርፍ ድንጋይ ቦርሳዬ ውስጥ አይጠፋም።

የደም ስኳር መለኪያውን ሳላነሣ ማለፍ አይገባኝም፤ ፓምፕ ያለ መለኪያ ዕውር ነውና። የእኔ መለኪያ ከ10 ዲግሪ በታች አልሠራም ይላል፤ በታኅሣሥ ጠዋት ብብቴ ሥር አሙቄ ነው የማሠራው። በደም የሚለኩ ወረቀቶች ደግሞ ሁሉም አንድ አይደሉም። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባለውን ኢንዛይም የያዙት በኦክስጅን መጠን ስለሚነኩ ከፍታ ላይ ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ግሉኮስ ዲሃይድሮጂኔዝ ያለባቸው ይህ አያገኛቸውም። ሣጥኑ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል።

የዚህ ዓይነቱ ሕክምና ትልቁ አደጋ ቱቦ የተደፈነ ወይም የተነቀለ ዕለት ነው። በሰውነት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሠራ ኢንሱሊን ስለሌለ፣ ፓምፑ ከቆመ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ስኳር ይወጣል፤ ሰውነት ኢንሱሊን ሲያጣ ስብ እያቃጠለ የሚያመነጨው ኪቶን የተባለ አሲድም ይከተላል። በክረምት አንድ ሌሊት መርፌው ቆዳዬ ውስጥ ታጥፎ አድሮ ነበር። ፓምፑ የመደፈን ማስጠንቀቂያውን ያሰማው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ በዝቅተኛ ፍሰት ጊዜ ግፊቱ ተጠራቅሞ እስኪታወቅ ድረስ ሰዓታት ያልፋሉ። ስነቃ ስኳሬ 340 ነበር፣ አፌ ደርቋል፣ ሆዴ ታውኳል። በብዕር መርፌ ተወግቼ፣ ብዙ ውኃ ጠጥቼ፣ መርፌውን ቀይሬ ነው የነጋልኝ። በዚያ ሰዓት ከሱሉልታ ወደ ከተማ የሚወስድ ታክሲ ማግኘት ምን እንደሚመስል የአካባቢው ሰው ያውቃል። ስለዚህ ምንም ያህል ዘመናዊ ፓምፕ ቢኖር፣ ሲሪንጅና ቀስ ብሎ የሚሠራ ኢንሱሊን፣ የሽንት ኪቶን ወረቀት፣ ሐኪም የጻፈው የመርፌ መጠን ያለበት ወረቀትም ቤት ውስጥ መኖር አለባቸው።

ቱቦ የሌለው ዓይነት ለካባ አይሻልም ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ኦምኒፖድ ዳሽ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ሆኖ 200 ዩኒት ይይዛል፣ በ7.6 ሜትር ውኃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት መቆየት ይችላል፤ የሚጠላለፍ ነገርም የለውም። በአቧራና በጭቃ በኩል ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በየሦስት ቀኑ የሚጣለው ሙሉው ማሽን ነው፤ ማጣበቂያው ተነሣ ማለት ፓምፑ ራሱ ተጣለ ማለት ነው። የእኔ ቢነቀል የምጥለው መርፌውንና ቱቦውን ብቻ ነው። ዕቃው በሰው ሻንጣ ተጭኖ ለሚመጣለት ሰው ይህ ልዩነት ሁሉንም ይወስነዋል።

በእርግጥም ይህን ፓምፕ ከመምከር የሚያግደኝ የዕቃው ነገር ነው። በወር ቢያንስ አሥር መርፌና ቱቦ ያስፈልጋል፤ በላብ ወቅት አሥራ አምስት። እህቴ የምታውቀው መንገደኛ ሲገኝ ትልካለች፤ ሳይገኝ ሲቀር አንዱን መርፌ አምስት ቀን ያቆየሁባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ቦታው ጠጠረ፣ ኢንሱሊኑም መስረጉን ተወ። አምራቹ ዋስትናው በተገዛበት አገር ብቻ እንደሚሠራ በደብዳቤ አሳውቆኛል። በቋሚነት የሚልክለት ዘመድ የሌለው ሰው፣ በተለይም ለልጁ የሚያስብ ወላጅ፣ ቢያንስ የስድስት ወር ዕቃ እጁ ላይ ሳይኖር እንዳይጀምር እላለሁ። በደንብ የተያዘ መርፌ ግማሽ ጊዜ ከሚሠራ ፓምፕ ይበልጣል።

ከረጢቱ ባለፈው ወር በቀዳዳው በኩል መተርተር ጀመረ። መልሼ ወሰድሁላቸው። አባባ ቱቦው ጠርዙ ላይ እየተፈተገ ጨርቁን እንደበላው በጣታቸው አሳዩኝና ከጫማ ሰፊው ጎረቤታቸው ትንሽ ክብ ቆዳ አምጥተው ቀዳዳውን ዙሪያውን ሰፉት። ሒሳብ ስጠይቃቸው «ይህማ መጀመሪያም መደረግ የነበረበት ነው» ብለው አልተቀበሉኝም። አሁን በተመሳሳይ መንገድ ሁለተኛ እየሠሩልኝ ነው፤ ለክረምት እንዲሆን ውጩን ከጃንጥላ ጨርቅ።